ደሴ ላይ «አይደርስም» የሚል ልብስ ሰፊ አገኘሁ

ስሙን አልጽፍም። ከወዲሁ ልናገር፣ ኋላ «ታዲያ የት ነው?» እያላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። አንዲት በር ያላት ጠባብ ስፌት ቤት ናት። ሁለት ሲንጀር፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ስሙን የደበቅሁበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የመጣው በወንድሜ ሠርግ ነው። ቀኑ ጥር 18 ቀን 2017 እሁድ ተቆረጠ። እኔም አንድ ደህና ሙሉ ልብስ ያስፈልገኛል። የተሰፋ መግዛት ይቻላል፣ ገበያው ሞልቶታል፣ ግን ትከሻዬ ሰፊ ቁመቴ አጭር ስለሆነ የተሰፋ ኮት ስለብስ ከታላቅ ወንድሜ የተዋስኩ ነው የምመስለው። ስለዚህ ሁሌም አሰፋለሁ።

ከዚህ በፊት የማሰፋበት ሌላ ቤት ነበር። የእሱንም ስም አልጠራም፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን አልክድም። አፉ ግን «እሺ» ብቻ ነው የሚያውቀው። ለአርብ ይደርሳል? እሺ። ኪሱ ከውስጥ ይሁን? እሺ። አራት ሜትር ጨርቅ ገዝተህ ና ይልሃል፣ ትገዛለህ፣ ቁራጩ የት እንደሚገባ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። አርብ ትሄዳለህ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማክሰኞ ትሄዳለህ፣ ረዳቱ ታሞ ነበር። ቅዳሜ ትሄዳለህ፣ አጎቱ ሞተው ነበር። አንዴ ቆጥሬበታለሁ፣ በአንድ ሱሪ ምክንያት ሦስት አጎት ቀብሯል። ነፍስ ይማር እያልኩ ተመለስኩ፣ ምን ልበል።

በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶኝ የስኬት ሥልጠና ገባሁ። መግቢያው 1,500 ብር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል የተባለው አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ርዕስ ደግሞ የጊዜ አጠቃቀም ነበር። ማንም አልሳቀም። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም በሆዴ። ከዚያ ተነሥተን «እኔ አሸናፊ ነኝ» እያልን ጮኽን። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀጥሎ ብልህ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ሞኝ ሰው እንዲህ ያደርጋል የሚል ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አበሩልን። ብልህ ያዳምጣል ሞኝ ያወራል፣ ብልህ ያቅዳል ሞኝ ይመኛል። ውሸት ነው አልልም። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፣ ማታውን ረሳሁት።

ይሄን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ስለ ስፌት ቤቱ ልጽፍ ስቀመጥ ያ ሠንጠረዥ ደጋግሞ ትዝ አለኝ፣ ምክንያቱም እዚያች አግዳሚ ላይ ያየሁት ነገር ሠንጠረዡን ጨርቅ አልብሶ እንደማየት ነበር።

ኅዳር 25 ሄድኩ። ባለቤቱ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሰላም ተባባልን። ስለ ዋጋ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«የት ነው የምትውለው ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምቦልቻ ነው የምሠራው ጋሼ፣ ማደሪያዬ ግን እዚሁ ደሴ ነው።»

«እንግዲያ ግማሽ ገበር ነው የሚሆንህ።»

እኔ ይሄን ያህል ዓመት ሳሰፋ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱን ሲሸፍነው ወፍራም ሱፍ ለብሰህ እንኳን ትንቀጠቀጣለህ። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘህ ኮምቦልቻ ስትወርድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለሃል፣ በዚያ ላይ ፀሐዩ። ሙሉ ገበር ያለው ኮት ለብሼ ቢሮ ስገባ እስከ ስድስት ሰዓት ጀርባዬ ውሃ ይሆን ነበር፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱን በጨርቁ ላይ ነበር የማላክከው። እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ጀርባው ላይ ገበሩ እስከ ትከሻ ብቻ ይሆናል፣ ፊቱና እጅጌው ሙሉ ይሆናል፣ ለሁለቱም ከተማ ይሆንሃል አሉኝ።

ጨርቅ ስንት ልግዛ አልኳቸው። ለኩኝና «ሦስት ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ መቶ ሃምሳ ከሆነ» አሉ። «አራት ሜትር ግዛ የሚልህ ሰፊ ካለ የቀረው ለራሱ ነው።» እኔ ዝም አልኩ። ስንት ጊዜ አራት ሜትር እንደገዛሁ በሆዴ እያሰላሁ ነበር።

ከዚያ ጥያቄዬን አመጣሁ። ለሠርጉ ብቻ ሳይሆን ለገናም ብለብሰው ደስ ይለኝ ነበር። «ለገና ይደርስልኛል?»

ደብተር አወጡ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ ጫፎቹ ታጥፈው የጠቆሩ። በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ። «ከፊትህ አሥራ አንድ ሰው አለ። ስምንቱ ሱሪ ነው፣ ሦስቱ ኮት። ለገና አይደርስም። ለሠርጉ ይደርሳል። ታኅሣሥ 24 ሐሙስ መጥተህ ትሞክረዋለህ፣ ጥር 8 ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ትወስዳለህ፣ ኢንሻአላህ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ አገር ኢንሻአላህ የሚለው ክርስቲያኑም ጭምር ነው፣ እኔም እላለሁ። ብዙዎቻችን ግን የምንለው እንደማናደርገው ስናውቅ ነው። ሰውዬው ያሉት ኢንሻአላህ ቀንና ሰዓት ነበረው። ይሄን ስነግራቸው ሳቁ። «አላህን የምጠራው የእኔን ድርሻ ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ከጠራሁትማ ስንፍናዬን ነው የማሸክመው» አሉኝ።

ስለ ደብተሩም አንድ ነገር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል አይደል። ተረቱ ወረቀቱን ከሞኝ ጋር ማዳበሉ ትንሽ በደል ነው። የድሮው ሰውዬ ሁሉንም በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው፣ በዚህም ይኮራ ነበር፣ አንዴ የሌላ ሰው ወገብ ለእኔ ሰፍቶልኝ ሱሪው ውስጥ ከነልጄ መግባት እችል ነበር። ጋሼ ግን ልኬቱን ብቻ አይደለም የሚጽፉት። የእኔ ስም ሥር የጻፉትን ሰርቄ አየሁት፦ «ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። ኮምቦልቻ ይውላል። ሞባይል በግራ ኪስ።» ሞባይሌን በግራ ኪስ እንደምይዝ አልነገርኳቸውም። አይተው ነው።

ዋጋው ለስፌት ብቻ 3,800 ብር ነው። ከድሮው ቤት ይወደዳል። ቀብድ ግማሹን ልስጥ ስል ሲሶውን ብቻ ተቀበሉኝ። «ገንዘቡን ቀድሜ ከበላሁት ኮቱ ይከብደኛል» ነው ያሉት። ይሄን አባባል ለሒሳብ ክፍላችን ልለጥፍ ነበር፣ ተውኩት።

ታኅሣሥ 24 ሄጄ ሞከርኩት። በነጭ ክር የተያያዘ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፣ አንዱ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሰው፣ ሌላው ከገጠር ጆንያውን ይዞ የመጣ ገበሬ። ጋሼ የቢሮውን ሰውዬ አላስቀደሙም። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ መሆኑን ደሴ ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ ያቺ አግዳሚ የአይጠየፍ ታናሽ እህት ናት። ገበሬው ለልጁ የትምህርት ቤት ሱሪ ነበር የሚያሰፋው። ጋሼ ታችኛውን እጥፋት ሰፊ አድርገው ተዉለት፣ «ልጅ ነው ያድጋል፣ ለከርሞ ትፈታዋለህ» ብለው። እኔም ኮቴ ከጀርባው ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «ሠርግ ላይ ትበላለህ፣ ከሠርጉም በኋላ ትበላለህ» አሉኝ ሆዴን እያዩ። የደንበኛ አያያዝ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ አያሞካሹም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ።

የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ሰኞ፣ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። እንኳን አደረሰህ፣ እናትህ ደህና ናቸው፣ ልጅህ ደህና ነው፣ ሁሉም ከተባለ በኋላ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ የግራውን እጅጌ አሳጥሬብሃለሁ። ሁለት ሴንቲ አካባቢ ነው። ዝም ብዬ ብሰጥህ ላታየው ትችላለህ፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ። ጨርቁን የገዛህበትን ሱቅ ንገረኝ፣ ከዚያው ጥቅል ካለው ስልሳ ሴንቲ እገዛለሁ፣ ገንዘቡ ከእኔ ነው። ቀኑ አይዛነፍም።»

እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። ከልብስ ሰፊ ስልክ ተደውሎልኝ አያውቅም፣ ሁሌም ደዋዩ እኔ ነኝ፣ ያውም የማይነሣ ስልክ። ተናድጄ ነበር ለማለት ፈልጌ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል። ደስ ነው ያለኝ። ሱቁን ነገርኳቸው። ጨርቁ ተገኘ።

ጥር 8 ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ደረስኩ። ኮቱ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። ጋሼ ለዐሱር ሶላት ሊነሡ ውዱእ ለማድረግ ወደ ጓሮ ወጡ፣ ረዳቱ ልጅ ቁራጮቹን በፌስታል እያደረገልኝ ነበር፣ አዎ ቁራጩን መልሰው ይሰጣሉ። ልጁን ስለ እጅጌው ጠየቅሁት።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጋሼ ለደንበኛ ልጁ ነው ብለው አያውቁም።»

«አልተቆጡህም?»

«ተቆጥተውኛል እንጂ። ማታ በሩን ዘግተው። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እጅጌ ብቻ ሲያስቆርጡኝ ዋሉ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጥልሃለሁ።»

እንዳትቆርጥልኝ አልኩት።

እስቲ ከድሮው ቤት ጋር አስተያዩት። እዚያ ረዳቱ ስድብ የሚጠግበው በደንበኛ ፊት ነው። ያላጠፋውም ጥፋት የእሱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ረዳት ሲቀያየር አይቻለሁ፣ ሰውዬው ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» እያለ ያማርራል። የጋሼ ረዳት ግን ከእሳቸው ጋር ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ከበፊቱ ረዳታቸው ጋርም አልተኳረፉም፣ እሱ የራሱን ቤት የከፈተው በእሳቸው አሮጌ ሲንጀር ነው።

ሌላው የገረመኝ ጎረቤታቸው ነው። ግድግዳ የሚጋራቸው ሌላ ልብስ ሰፊ አለ፣ ተፎካካሪ ማለት ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱም የስፌት መኪናቸውን አቁመው በአንድ ጀበና ይጠጣሉ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም። አርብ ጋሼ ለጁምዓ ሲሄዱ ልብስ ሊወስድ የመጣን ሰው የሚያስተናግደው ያ ጎረቤት ነው፣ ሰውዬው በዓል ሲያከብር ደግሞ የእሱን ደንበኛ ጋሼ ያስተናግዳሉ። ሥራ ሲበዛባቸው አንዱ ወደ ሌላው ይልካል። ደንበኛ አይሰርቅዎትም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «የሄደው ይሂድ፣ ጎረቤት ከሄደ ግን ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ እናውቀዋለን። ሆኖም ገንዘብ መሀል ሲገባ ስንቶቻችን እንደምንረሳው ደግሞ እኔም እናንተም እናውቃለን።

ኮቱ እንዴት ነው? ለነገሩ ግምገማ ነው የምጽፈው። ትከሻው ልክ ነው፣ ቀኙ ዝቅ ማለቱ አይታወቅም፣ ውስጡ በትንሽ ነገር ተስተካክሏል። ኮሌታው አንገቴ ላይ ይተኛል። ሱሪው ስቀመጥ አይቆነጥጠኝም። በሠርጉ ቀን ከጠዋት እስከ ሌሊት ለብሼው እስክስታ ወርጄበታለሁ፣ አንድ ቁልፍ አልረገፈም። ወንድሜ ሙሽራው ራሱ «ስንት ከፈልክ?» አለኝ። በሥራ ቀንም እለብሰዋለሁ፣ ኮምቦልቻ ጀርባዬ አይረጥብም።

የማይመቹ ነገሮች አሉ፣ ልንገራችሁ። ካውያው የከሰል ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ኮቴ ሁለት ቀን ከሰል ከሰል ሲሸት ነበር። ጠባብ ፋሽን የምትወዱ ልጆች አትልፉ፣ ጋሼ ሱሪው ከታፋ ጋር ከተጣበቀ «ይሄ ካልሲ ነው» ብለው ይመልሷችኋል። የሴት ቀሚስ አይሰፉም። የውጭ አገር ስም ያለበት ምልክት አምጥታችሁ ኮቱ ውስጥ ስፉልኝ ብትሉ አይሰፉም፣ አንድ ጎረምሳ በዚህ ተጣልቷቸው ሲወጣ አይቻለሁ። ቴሌብር መቀበል የጀመሩት በልጃቸው ስልክ ነው፣ ልጅቷ ከሌለች ካሽ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቀጠሮ ከዘገያችሁ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትሄዳላችሁ፣ ልመና አይሠራም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዷን ጭሱ በልቷታል።

ያ ኮት ሌላም ነገር አስከትሏል። አለቃዬ በሳምንቱ አንድ ሪፖርት እስከ ረቡዕ አድርስ ሲለኝ፣ እንደ ልማዴ እሺ ልል አፌን ከፍቼ፣ «ረቡዕ አይደርስም፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይደርሳል» አልኩት። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሁለት ቀን ፊት ነሣኝ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ፣ ምንም አላለም። አመሰገነኝ ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ለጓደኛዬ 6,000 ብር አበድሬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም ነበር፣ ስድስት ወር። ራሷ ደርሳበት ጉድ ከሚፈላ ብዬ፣ አንድ ማታ ቡና ላይ ልክ እንደ ጋሼ ስልክ «አላየሽውም፣ ግን እኔ አውቀዋለሁ» ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ቁርስ አቅርባ ተቀመጠችና «ሌላስ?» አለችኝ። ሌላ የለም። እንድታምነኝ ግን ገና ነው።

ስሙን ለምን እንደማልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር። ኮቱን የወሰድኩ ዕለት ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው፣ ፎቶም ላንሣ አልኳቸው። ሜትሩን አንገታቸው ላይ እያስተካከሉ እምቢ አሉኝ።

«ተው ልጄ። አሁን ለሰው አይደርስም የምለው ደብተሩን ሳይ ነው። ሰው ከበዛብኝ ደብተሩን መግለጥ እተዋለሁ። ከዚያ መዋሸት እጀምራለሁ።»

እሺ አልኳቸው። ለጓደኞቼ በቃል መንገር ግን አልተከለከልኩም ብዬ ነገርኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሰፋ ሄድኩ። ደብተሩን ገለጡ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ። «ከፊትህ አሥራ አራት ሰው አለ» አሉኝ። ስሞቹን አየኋቸው። አምስቱን የላክኋቸው እኔ ነኝ።